ይቀርብኛል ባዩና ስልኩ

ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ጨዋታ ይዘው አንደኛው ስልኩን እያነሳ ያስቀምጣል። «ምን መጣ?» አለችው። «ምንም፤ ካላየሁ ግን ይቀርብኛል።» ምን እንደሚቀርበት ብትጠይቀው መልስ የለውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችና ጀመረችው።

የሱ ክርክር አንዲት ናት፤ «ሁሉም ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው።» ወሬውም፣ ሥራውም፣ ወዳጁም እዚያ ነው። ስለዚህ ዘብ የቀጠሩት ይመስል ሌት ተቀን መጠበቅ አለበት። ደሞዝ የሚከፍለው ግን የለም።

እሷ ነገሩን ከሥሩ ታውቀዋለች። «ስቶሪ በ24 ሰዓት የሚጠፋው ለምን ይመስልሃል? ሳያልፍብኝ ብለህ እንድትመላለስ ነዋ! ገጹን ስትጎትተው አንዴ ደህና ነገር ይሰጥሃል፣ ደጋግሞ ደግሞ ባዶ። መቼ እንደሚሰጥህ ስለማታውቅ ጣትህ አያርፍም። ማለቂያም የለው፣ ጨረስኩ ብለህ አትነሳ። የመቶ ሰው ምርጥ ቀን ተለቅሞ ይመጣልህና ካንተ ተራ ማክሰኞ ጋር ታስተያየዋለህ። የሰው ወርቅ አያደምቅ!»

«አፑን አጥፍቼው ነበር እኮ፤ በብሮውዘር ተመልሼ ገባሁ» አለ፣ ያሸነፈ መስሎት።

«ይመልስሃላ! አፑን አነሳህ እንጂ ስጋቱን መች ነካኸው? መጀመሪያ ምንም ሳትቀንስ ለአንድ ሳምንት ስክሪን ታይምህን፣ ማለት ስልኩ ላይ የምታጠፋውን ጊዜ፣ ብቻ እይ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት 143 ተማሪዎችን ወስደው፣ አንዱ ቡድን ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ እንዲያይ አደረጉ። በሦስት ሳምንት ብቸኝነቱና ድብርቱ ቀነሰለት። ይቀርብኛል የሚለው ስጋት ግን እንደ ልማዱ በቀጠለው ቡድንም ቀንሷል፤ ምን ያህል እንደሚያዩ መከታተላቸው ራሱ ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

«ከዚያ ኖቲፊኬሽን። የጥሪና ላንተ ብቻ የተጻፈ መልእክት ማሳወቂያ ክፍት ይሁን፣ ሌላውን ዝጋ። «እገሌ ላይቭ ገባ» የሚለውን ከሁሉ በፊት። የቴሌግራም ግሩፕን አርካይቭ ብቻ ካደረግከው፣ ከዝርዝሩ ብትደብቀውም አዲስ መልእክት ሲገባ ተመልሶ ይወጣል፤ ሚዩትም አድርገው፣ ድምፁን ዝጋው። ስልክህ ላይ የጊዜ ገደብ ስታበጅ የይለፍ ቁጥሩን ሌላ ሰው ያውጣልህ፤ አለዚያ «ለዛሬ ይለፈኝ» ብለህ ራስህ ትከፍተዋለህ። መግቢያህን በቀን ሁለቴ 15፣ 15 ደቂቃ አድርገው፤ አልጋ ላይ ግን በፍጹም። የምር የሚያሳስብህ ጉዳይ ካለ ደግሞ ለአንድ ወዳጅህ «እኔን የሚነካ ነገር ከሰማህ ደውልልኝ» በለው። ስጋቱን የሚቆርጠው ይሄ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለስልክ? አንቺ ደግሞ ተረት ታበዣለሽ» ብሎ ስልኩን አየ። የመጣ ነገር አልነበረም።

እኔ ከሷ ጋር ነኝ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። በሱ ብቻ መፍረድ ግን ይከብደኛል። ዘመኑ ራሱ ያላየን ሰው እንደ ደንቆሮ ይቆጥራል። ስብሰባ የተሰረዘው በግሩፕ ነው፤ ያልሰማ ተሳስቷል ይባላል። የታመመ ሰው ካልለጠፈ የታመመ አይመስልም፤ ከለጠፈ ደግሞ ሁለት መቶ የሚያለቅስ ፊት ይደረደርለትና በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ይጠፋል። ልጠይቀው ብለህ ስትደውልለትም «ምነው በሰላም ነው? ቴክስት ሳታደርግ?» ብሎ ይደነግጣል።