ከዥዋዥዌው በፊት ቆጠራው ይቅደም

ለሕፃናት ምቹ ከተማ ሲባል ቶሎ ዐይን ላይ የሚመጣው ቀለሙ ገና ያልደረቀ ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴና ሪባን የሚቆረጥበት የምረቃ ቀን ነው። በታዳጊ አገሮች ለጋሹም ማዘጋጃ ቤቱም እጁን በቀላሉ የሚዘረጋው ለዚሁ ነው። ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ላይ ይወጣል፣ የተሠራው ነገር በጣት ይጠቆማል። ዥዋዥዌውን አንቃወምም፤ የምንቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። ልጆች የት እንደሚውሉ፣ በየት በኩል እንደሚመላለሱ፣ ምን እንደሚጎዳቸው ሳይታወቅ የሚተከል ነገር ገንዘብ ይበላል፤ የልጆቹ ውሎ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ ይህን ሥራ መደገፍ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ሊከፍልለት የሚገባው ብዙም ለዕይታ የማይማርክ ሥራ ነው ብለን እናምናለን፤ እሱም የከተማው ፕላን ከመጽደቁ በፊት በሰፈር ደረጃ የሚካሄድ ቆጠራና ልኬት ነው።

ሐሳቡ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ምሁር ኬቪን ሊንች በዩኔስኮ ድጋፍ በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ ልጆች ሰፈራቸውን እንዴት እንደሚያዩትና እንደሚጠቀሙበት አስጠንቶ ነበር። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ እንዲሰሙ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ እንዲያርፉና እንዲጫወቱ መብት ሰጠ። በ1996 ኢስታንቡል ላይ ከተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ጉባኤ ጋር ተያይዞ ዩኒሴፍ ለሕፃናት ምቹ ከተሞችን የማስፋፋቱን ሥራ ጀመረ። በዚያው ዐሥር ዓመት ሉዊዝ ቻውላ የተባለች ተመራማሪ የሊንችን ጥናት በሌሎች ከተሞች ጭምር እንደገና አስቀጠለች።

ከዚህ ሁለተኛ ዙር ሁለት ነገሮች ሊረሱ አይገባም። በሕንድ ባንጋሎር ሳትያናጋር በተባለው ድሃ ሰፈር ውኃም መጸዳጃም በቅጡ አልነበረም። ልጆቹ ግን ስለሰፈራቸው የተናገሩት፣ በቁሳቁስ የተሻሉ የአንዳንድ ሰፈሮች ልጆች ስለራሳቸው ሰፈር ከተናገሩት የተሻለ ነበር፤ ጓደኛ በቅርብ አለ፣ መንገዱ ላይ ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ያውቃቸዋል። ይህን ያላወቀ ፕላነር ሰፈሩን ሊያሻሽል ገብቶ ለልጆቹ ዋና የሆነውን ነገር አፍርሶ ይወጣል። በጆሃንስበርግ ደግሞ ካናንስላንድ በተባለው የሸራና የቆርቆሮ መጠለያ ሰፈር ልጆች ከአጥኚዎች ጋር ካርታ ነደፉ፣ የሚያስፈልጋቸውን በቅደም ተከተል አስቀምጠው ለከተማው ባለሥልጣናት አቀረቡ። በኋላ ነዋሪዎቹ ከመሃል ከተማ ርቆ ወደሚገኝ ቦታ እንዲዛወሩ ተደረገና ያ ሁሉ ካርታ መሬት አጣ። ጥናቱ ጥሩ ነበር፤ የመሬቱ ውሳኔ ግን የነበረው በሌላ እጅ ነው። የማንኛውም ጥናት የመጀመሪያ ቀን ሥራ መሬቱ የማን እንደሆነና በቀጣዮቹ ዓመታት ምን እንደታቀደበት በጽሑፍ መጠየቅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። መላውን ከተማ መያዝ አያስፈልግም። ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ተነሥቶ በእግር 15 ደቂቃ የሚያስኬደው ክልል፣ ማለትም 1 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአንድ ጥናት ይበቃል። አንድ የማዘጋጃ ቤት ፕላነር፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛና ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በስድስት ሳምንት ይጨርሱታል። መነሻ ካርታ ከሌለ ማንም በነፃ ሊሥልበት በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ መንገዱን፣ ቦዩንና የውኃ ቦኖውን ራሳቸው ይሥላሉ። በዳሬሰላም ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ተማሪዎችና ነዋሪዎች በጎርፍ የሚጠቁ ሰፈሮችን በዚህ መንገድ ካርታ ላይ አስፍረዋል።

ከዚያ የተሽከርካሪ ፍጥነት ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነውና ይህን ልኬት መዝለል አይቻልም። ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት 50 ሜትር ተለክቶ ጫፍና ጫፉ በጠመኔ ይሰመራል። መኪናው የመጀመሪያውን መሥመር ሲረግጥ ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ይነሣል፤ ሁለተኛውን ሲረግጥ ይቆማል። 6 ሰከንድ ከፈጀበት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50። እጅ ትንሽ መሳቱ ስለማይቀር መንገድ ያልተዘጋባቸው 100 ተሽከርካሪዎች ይለኩና ከዝግተኛው ወደ ፈጣኑ ይደረደራሉ። መታየት ያለበት 85ኛው ነው። አማካዩ ብቻውን ያሳስታል፤ ፈጣኖቹን ከዝግተኞቹ ጋር አደባልቆ ይደብቃቸዋልና። የሚለካው ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ከመንገዱ ዳር ከቆመ ሾፌሩ ሁሉ ፍጥነት ይቀንስና የቀኑ ልፋት ከንቱ ይሆናል። ገለል ብሎ መቀመጥ ይሻላል።

ቆጠራው በተመረጡ ነጥቦች ላይ ለ15 ደቂቃ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ በሥራ ቀን፣ በገበያ ቀንና በዕረፍት ቀን ይደገማል። ቅጹ ላይ ዕድሜ በአራት ዓምድ (ከ5 በታች፣ ከ5 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 17) ይለያል፤ ፆታ፣ አብሮ ያለ አዋቂና ልጁ የሚያደርገው ነገርም ይጻፋል። እያንዳንዱ ዓምድ ምክንያት አለው። የዕድሜና የፆታ ዓምድ ከሌለ ሴት ልጆች ከ10 ዓመታቸው በኋላ ከሜዳው ይጥፉ አይጥፉ ማንም አያውቅም። ጠቅላላ ድምሩ ሜዳው ሞልቷል ይላል፤ የሞላው ግን በወንዶች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለሕፃናቱ ቁመት የሚሆን ቀላል ዘዴም አለ። የቫን ሊር ፋውንዴሽን ኧርባን 95 የተባለው ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከሦስት ዓመት ልጅ ቁመት፣ ከ95 ሴንቲሜትር ነው። ስልክ በዚህ ከፍታ እንጨት ላይ ታስሮ ቪዲዮ እየቀረፀ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ለአዋቂ ሰው ክፍት የሚመስለው መሻገሪያ ከዚያ ከፍታ ሲታይ በቆመ መኪና የተጋረደ ሆኖ ይገኛል፤ የመኪናው ጭስ ማውጫም ፊት ላይ ይመጣል። ይህን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለከተማ ምክር ቤት ማሳየት ከብዙ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ያስረዳል።

ከልጆች ጋር በሚደረገው ውይይት የሚበላሽ ነገር ብዙ ነው። «የምትመኙትን ከተማ ሣሉ» ከተባሉ በቴሌቪዥን ያዩትን ፎቅና ፏፏቴ ይሥላሉ፤ ያ ለፕላን አይረዳም። «ትናንት ከቤት ወጥታችሁ እስክትመለሱ የሄዳችሁበትን ሣሉ» ቢባሉ ግን የሚፈሩት ማዕዘን፣ ውሻው ያለበት በር፣ በዝናብ የሚዘጋው መሻገሪያ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ልጁ የሚሰጠው ማብራሪያ ከሥዕሉ ይበልጣልና ቃል በቃል ይጻፍ። አምስት አምስት ሆነው፣ ሴትና ወንድ ተለይተው፣ መምህር በሌለበት፣ ቢቻል በእግር እየሄዱ ቢሆን ይመረጣል። ትምህርት ቤት ብቻ ሄዶ መጠየቅ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሥራ ላይ የሚውሉት፣ አካል ጉዳት ያለባቸውና ቤት የተቀመጡት ሁሉ ከጥናቱ ይወጣሉ። ስለ ጨቅላዎቹ አሳዳጊዎቻቸው ይጠየቁ። የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁም እሺ ማለት አለበት፣ በመሃል ሲሰለቸው ደግሞ ማቆም ይችላል። ፊት የሚያሳይ ፎቶ አይነሣ። አንድ ልጅ በደል እንደደረሰበት ቢናገር ለማን እንደሚነገር ከመጀመሪያው ቀን በፊት መታወቅ አለበት፤ ይህን ሳያዘጋጅ የሚጠይቅ ቡድን ባይጠይቅ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ሥራ ፍሬ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። አሜንድ የተባለው ድርጅት በዳሬሰላም አደጋ በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያለውን መንገድ እየገመገመ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የእግረኛ መንገድ፣ መከለያ ምሰሶና ዜብራ ሠራ፤ አስፈላጊ በሆነበትም የትምህርት ቤቱን በር ወደ ጸጥተኛው ጎን አዛወረ። ሥራው ካልተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጻጽሮ የተካሄደው ግምገማ በተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ያህል መቀነሱን አሳየ። ጉብታና ቀለም የትም አለ። ልዩነቱን ያመጣው መጀመሪያ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚጎዳ መቆጠሩ ነው። ቆጠራው ደግሞ ከቤተሰብ መምጣት አለበት፤ ብዙ የልጅ ጉዳት ፖሊስ ዘንድ ሳይመዘገብ ይቀራልና። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መዝገብ ከፖሊሱ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ክፍተቱ ወዲያው ይታያል።

ጥናቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሞትበት ቦታ አንድ ነው፤ ፕላኑ ቀድሞ ጸድቋል። ከዚያ በኋላ ለልጆች የሚተርፈው ማንም ያልፈለገው ቁራጭ መሬት ይሆናል፤ የጎርፍ መውረጃ፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ሥር፣ የቆሻሻ መጣያ ዳር። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶው ለክፍት የሕዝብ ቦታ እንዲሆን፣ ነዋሪው በ400 ሜትር ርቀት ውስጥ ክፍት ቦታ እንዲያገኝ ይመክራል። ከተማ በፍጥነት በሚሰፋበት አገር ይህን ማስጠበቅ የሚቻለው መሬቱ ሳይሸነሸን ነው። በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም መቀባት ግን ጥበቃ አይሆንም። ቦታው ድንበሩ በኮኦርዲኔት ተለይቶ በመሬት መዝገብ ላይ በሕዝብ ስም ካልሰፈረ ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። የመንገድ ስታንዳርዱም አብሮ ካልተሻሻለ ኮንትራክተሩ ያለውን መመሪያ ተከትሎ ሰፊና ፈጣን መንገድ ይሠራል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

እንግዲህ ለጋሾችና የልማት ባንኮች ምን ያድርጉ? ለጥናቱ የሚሰጡት ገንዘብ የከተማውን ፕላን ክለሳ የጊዜ ሰሌዳ ይከተል፤ የበጀት ዓመታቸውን መዝጊያ ተከትሎ የሚጣደፍ ጥናት ፕላነሩ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ከውሳኔው በኋላ ነው። ውሉ ከውጭ አማካሪ ጋር ከሆነም የአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሥራው ባለቤት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የመረጃው ባለቤት ይሁን። ጥሬ መረጃው፣ ባዶ ቅጹና የቆጠራ ነጥቦቹ ካርታ የልጆች ስምና አድራሻ ወጥቶለት በማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ካልቀረ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም። የግንባታ ገንዘብ የሚሰጥም የጥገናውን በጀት አብሮ ያስፈርም፤ ከሸርተቴ በታች የተነጠፈ አሸዋ በእግርና በዝናብ ይሸሻል፣ በየጊዜው ካልተሞላ ልጁ የሚወድቀው ደረቅ መሬት ላይ ነው። የሁለተኛው ቆጠራ ቀንና ገንዘብም በመጀመሪያው ውል ውስጥ ይጻፍ። ግንባታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ነጥብ ላይ፣ ያንኑ ቅጽ ይዞ የሚቆም ሰው ከወዲሁ ይመደብ።