ድንኳኑ ተዘጋጅቷል፣ ጣራው ያፈሳል

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል በቤታችን ማንም ማንንም አያዝም። ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ትልቁ ልጅ ሰማያዊውን ሳፋ ከቡፌው ጎን ያስቀምጣል። ትንሿ የቀለም ባልዲውን ወደ ኮሪደር ትወስዳለች። ባለቤቴ አሮጌዋን ድስት ከአልጋችን ግርጌ ታደርጋለች። የኔ ድርሻ መሀል ላይ ቆሞ ሽቅብ እያዩ "ዘንድሮስ ይህን ቆርቆሮ መለወጥ አለብን" ማለት ነው። ይህን ማለት ከጀመርኩ 11ኛ ክረምቴ ነው። እስካሁን አንድም ዓመት አልቀረሁም።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ ከእንጦጦ ግርጌ። የጭቃ ቤት ነው፤ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ከሩቅ ብሎኬት ይመስላል። እንጦጦ ላይ የጣለ ዝናብ ቁልቁል ሲወርድ እኛን ሳይጠይቅ አያልፍም። ከዘመድም ቢሆን እንዲህ ያለ ጠያቂ የለንም።

ስለ ዘመድ ካነሳሁ አይቀር፣ የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል ሆነ። አዲስ ሐኪም መጀመሪያ የሚመረምረው ቤተሰቡን ነው። አዲስ የኢንሹራንስ ወኪልም እንደዚያው ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፋይል በብብቱ ይዞ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካንም ይዟል። ከተቀመጠ በኋላ ግን ቡናው ሳይፈላ አፉን ከፈተ።

"ጋሼ፣ እንዲያው ይህ ቤት ቢቃጠልስ?"

ባለቤቴ ረከቦቱ ላይ ሲኒ ትደረድር ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ።

"አፍህን በዳቦ!" አለችው።

"እትዬ፣ ለምሳሌ ነው እኮ።"

"ለምሳሌ የራስህን ቤት አቃጥል!"

አማቴ ከጥግ ሦስት ጊዜ አማተቡ። "በሰው ቤት ገብቶ ማሟረት ምን ይሉታል?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህች የቤት መቃጠል ሲነሳ ሲኒ ከእጇ ሊወድቅ የደረሰው ባለቤቴ የሦስት እድር አባል ናት። የሰፈሩ አለ፣ የሴቶቹ አለ፣ የመሥሪያ ቤቷ አለ። በየወሩ ሳታዛንፍ ትከፍላለች። ለምን? እኔ ስሞት ድንኳን እንዲተከል፣ አግዳሚ ወንበር እንዲመጣ፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ብረት ድስት እንዳይጠፋ። ጡሩምባ ነፊው ሳይቀር ቀድሞ ተከፍሎታል። ያቺ ሴት በኔ ቀብር ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ በወንበር ቆጥራ ታውቃለች። ይሄ ሟርት አይደለም፣ ወግ ማዕረግ ነው። "ቤቱ ቢቃጠልስ?" ያለ ግን ሟርተኛ ነው።

እርግጥ አንዳንድ እድሮች ቤት ለተቃጠለበት አባልም ይደርሳሉ። የኛ ግን ሬሳ ካላየ ካዝና አይከፍትም።

ኢንሹራንስ ለአገራችን እንግዳ ነው እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከተቋቋመ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ክረምት አልፏል። የግል ኩባንያዎችም ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መጥተዋል። በ2000 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ባለመኪናው ሁሉ መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጠፈ። እኔም ለጥፌያለሁ። የኔን መኪና ብታዩዋት ከኢንሹራንሱ ወረቀት ሌላ ደህና ነገር የላትም። ሚስጥሩ ግን ግልጽ ነው። መኪናን ትራፊክ ያስቆመዋል። ቤትን አስቁሞ "ወረቀትህን አሳይ" የሚል ትራፊክ የለም።

ልጁ ስድቡን ጠጥቶ፣ ቡናውንም ጠጥቶ፣ ቅጹን ዘረጋ።

"ጋሼ፣ ቤቱ ስንት ያወጣል?"

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ደላሎች በራችን ላይ ባለፉ ቁጥር የሚጠሩት ዋጋ አለ። ደረቴን ነፋሁና "20 ሚሊዮን" አልኩት።

"መሬቱን ተወው ጋሼ። መሬት አይቃጠልም። ደግሞ ያንተም አይደለም፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ግድግዳውና ጣራው እንደገና ቢሠራ ስንት ይፈጃል?"

ግድግዳውን አየሁት። ጭቃ፣ ጭድ፣ ባሕር ዛፍ። በአንድ ጥያቄ ከሚሊየነርነት ወረድኩ። ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ቆጨኝና ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ባስመዘግብ አርቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ፣ ዝቅ አይልም? ይላል። ግን ተንኮል አለው። ልጁ በእስክርቢቶ አሰላልኝ። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣን ቤት 500 ሺህ ነው ብለህ ካስመዘገብክ፣ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈልህ 50 ሺህ ነው። የቀረውን ግማሽ ለራስህ ዋስ እንደሆንክ ይቆጠራል።

"እሱን ዋስ አድርጎ ማን ያተረፈ አለ?" የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

"ከፍ ባደርገውስ?"

"ከጉዳቱ በላይ አይከፈልም። ኢንሹራንስ ወደ ነበርክበት ይመልስሃል እንጂ አያበለጽግም።"

"ወደ ነበርኩበት? ወደዚሁ ቤት?"

መልስ አልሰጠኝም።

ቀጥሎ የቤት ዕቃ ዝርዝር መጣ። እዚህ ላይ ሟርት ያለችው ባለቤቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቡፌው ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አስቆጠረች። እነዚያ ብርጭቆዎች ለልዩ እንግዳ የተቀመጡ ናቸው። ከሠርጋችን ወዲህ ልዩ የተባለ እንግዳ አልመጣም፤ እኔም ለአንድ ቀን ልዩ ሆኜ በነሱ ጠጥቼ አላውቅም። ዝርዝሩ ሲያልቅ አማቴ ወደ ልጁ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ብር ይጨምራል?"

"የምን ብር እማማ?"

"እንዲያው... የተቀመጠ።"

በተለመደው የቤት ውል ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ እንደማይሸፈን ነገራቸው። አማቴ "ለጠቅላላ ዕውቀት ነው" ብለው ተመለሱ። እኔ ግን መስከረም 2013 ላይ የብር ኖት ሲቀየር ከፍራሻቸው ሥር የወጣውን አልረሳሁም። ያን ሳምንት ፍራሹ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። አሁን ተመልሶ ከፍ ብሏል።

እኔም የልቤን ጠየቅሁ። "ይህ ፍሳሽስ? ጣራውን በዚሁ ማሳደስ አይቻልም?"

"መቼ ጀመረ?"

"11 ዓመት ሊሆነው ነው።"

"እንግዲያው ድንገተኛ አደጋ አይደለማ።"

"ለኔ በየዓመቱ ድንገተኛ ነው!"

ዝገትና እርጅና አደጋ አይባሉም አለኝ። ነፋስ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ቢወስደው ሌላ ነገር ነው፣ እሱም በውሉ ላይ ከተጨመረ። የሚያንጠባጥብ ጣራ ግን ጥገና እንጂ ኢንሹራንስ አያሻውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮውን የማዳምጠው በሌላ ጆሮ ነው።

ልጁ ከዚህ በኋላ ተነስቶ ቤቱን ይዞር ጀመር። ባይዞር ይሻል ነበር። ሳሎን አንድ ሶኬት አለን። ሶኬቱ ላይ ዲቫይደር ተሰክቷል። ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር አለ፣ የልጅ ልጅም አይቷል። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሦስት የስልክ ቻርጀር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የእንጀራ ምጣዱ። ምጣዱ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። የኛ ዲቫይደር ጀርባው ላይ "10 አምፔር" ይላል። እኔ ያን ጽሑፍ እስከዚያ ቀን የፋብሪካው ስም ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ፊውዙ እንዴት አይቃጠልም?" አለ ልጁ ተገርሞ።

በኩራት ነገርኩት። ድሮ ይቃጠል ነበር፣ አስቸገረን። አንድ ቀን ወፍራም ሽቦ ጠቅልዬበት ይኸው ስንት ዓመቱ። ልጁ ግንባሩን ያዘ።

"ጋሼ፣ የፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው እኮ። እሱ እንዳይቃጠል ካደረግከው ተራው የቤቱ ነው።"

መስኮቶቹ ጋ ሲደርስ ፍርግርጉን ነቀነቀው። ሌባ እንዳይገባ ያስበየድነው ብረት ነው። የጓዳውን በር ደግሞ በቁልፍ እንከረችመዋለን፣ ቁልፉ ያለው ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው የት እንዳለ ባለቤቴም አታውቅም። "ሌሊት እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ?" አለ። ሁላችንም ተያየን። ሌባውን በደንብ አስበንለታል። እኛን ግን ማንም አላሰበንም።

ለእሳት አደጋ የምትደውሉበትን ቁጥር ታውቃላችሁ ወይ ብሎም ልጆቹን ጠየቃቸው። 939 መሆኑን ትንሿ ታውቃለች፣ ትምህርት ቤት ነግረዋቸዋል። "አድራሻችሁን ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?" ሲላት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ገባበት። ከሸማ መሸጫዎቹ ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱን ለቆ በኮብልስቶኑ፣ ቀዩ በር። ቀዩ በር አምና አረንጓዴ ተቀብቷል አልኩ። ባለቤቴ "ሰው የሚያውቀው ቀዩ በር ብሎ ነው" አለች። ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ ሁለቴ ይቃጠል ነበር። መኪናው ቢመጣስ? የቅያሱ መግቢያ ላይ ጎረቤታችን ያራገፈው አሸዋ አለ፣ ከጥር ጀምሮ።

ምድጃው ላይ ግን ልጁ ፊቱ ተለወጠ። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ቡና ከተጠጣ በኋላ ከሰሉን መኝታ ቤት የማስገባት ልማድ አለን። "ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም" እንላለን። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ ቢሆን ያስለን ነበር፣ ያስነሳን ነበር። ይሄ ራስ ያሳምማል፣ እኛ "ብርድ መታኝ" ብለን እንከናነባለን፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደናል። በራቸውን ዘግተው ተኝተው ጠዋት ያልተነሱ ቤተሰቦችን ወሬ ሰምተን ከንፈር መጠናል። እና በዚያው ማታ ምድጃውን አስገብተናል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ውጭ ይደር፣ ብርዱን በጋቢ ተወጡት።

ደጅ ስንወጣ ልጁ አሸንዳውን አሳየኝ። ሣር በቅሎበታል። አንድ ነጠላ ጫማና የልጆች ኳስም አለበት፤ ኳሱን ጎረቤት ሰረቀ ብለን ስንት አምተናል። ከበሩ ፊት ያለው ቦይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቷል። "ውሃው በየት ይሂድ?" አለኝ። "እስካሁን በኛ ሳሎን ነው የሚሄደው" አልኩት።

በዚህ መሀል አማቴ ከኋላችን መጥተው ቆመዋል። ድሬዳዋ ነው ያደጉት።

"የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነበር" አሉ። "ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ98 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ነው። ውሃው ግን በሌሊት እታች መጣ። ስንቱን ወሰደ።"

ዝም አልን። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

"በል ፎርምህን ጨርስ።"

አርቦኑ ሲሰላ ባለቤቴ ለሦስት እድሮቿ በዓመት ከምትከፍለው እምብዛም አልራቀም። ከመፈራረም በፊት ግን የኩባንያው ሰው መጥቶ ቤቱን ያያል ተባልን። እስከዚያ ሽቦው ከፊውዙ ይውጣ፣ ምጣዱ የራሱ መስመር ይዘርጋለት፣ ቦዩና አሸንዳው ይጠረጉ። ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት መሰላል ተውሼ ጣራ ላይ ወጣሁ። እሁዱ የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ መሆኑን ያስታወስኩት እላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በወሩ ስብሰባ ላይ የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ስሜን ጠሩ።

"ባለፈው ወር ቀርተሃል። ለቅሶ ነበረብህ?"

"የለም፣ አባቴ። አሸንዳ እየጠረግሁ ነበር።"

"ታመህ ነበር?"

"የለም።"

"ከጣራው ወደቅህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልወደቅሁም።"

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

"ወድቆ ቢሆን በቂ ምክንያት ነበር። 50 ብር ቅጣት ጻፍበት።"