«ምን አገባው?» ለምንል ሁሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ባለሥልጣን ልወቅስ አልተነሣሁም። እነሱን የሚወቅሱ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም በዚሁ ምክንያት ታስረዋል። ዛሬ የምናገረው ለእኛ ነው። አንድ ሰው ባዶ እጁን ወጥቶ «ይሄ ልክ አይደለም» ስላለ ሲታሰር፣ እኛ ምን አደረግን? ቅር የሚለው ይኖራል። ቅር ይበለው። ራሴንም ጨምሬ ነው የምናገረው።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሰፈራችን አንድ ወጣት አለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያለ ክስ የታሰሩ ሰዎች ይፈቱ የሚል ወረቀት ይዞ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ቆመ። ዱላ አልያዘም፣ ድንጋይ አላነሣም። ወረቀቱንም እሱንም ወሰዱ። በማግሥቱ ጠዋት እናቱን ታክሲ ተራ አገኘኋቸው። ምሳ ዕቃ በፔስታል አንጠልጥለዋል። ሰላም ብያቸው ላልፍ ነበር። አላስቻለኝም፤ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

ጣቢያው በር ላይ ተራ ያዝን። ፈታሹ የምሳ ዕቃውን ክዳን አስከፈተ። እንጀራውን በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ማዘር፣ ይቅመሱ» አላቸው። ቆርሰው ጎረሱ። ጉሮሯቸው አልቀበል ብሏቸው ሲታገሉ አየሁ። ከዚያ ስም ጠየቀ፣ መዝገቡን አገላበጠ። «እዚህ የለም፣ ማታ ተዛውሯል።» ወዴት? «እኔ አላውቅም።» ሁለተኛው ጣቢያም የለም አሉን። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ 8 ሰዓት አልፏል፣ ወጡም ረግቷል። ተቀበሉን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶው ምሳ ዕቃ ከአንድ የቆሸሸ ሸሚዝ ጋር ተመለሰ። እናትየው ሸሚዙን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «የእሱ ነው» አሉ። «አለ።» እስክንመለስ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤቱ በየበሩ ቆሟል። «እንዴት ሆነ?» የሚል ሰው እናገኛለን ብዬ ነበር። አንዱ ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ። ሌላዋ ወደ ውስጥ ገባች። ማታ ሱቁ ጋ የሰማሁት ንግግር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ምን አገባው? አርፎ ትምህርቱን አይማርም?» አለ አንዱ። «እሳት በሌለበት ጭስ አይጨስም፣ አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» አለ ሌላው። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። አልመለስኩላቸውም።

ያን ማታ ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ።

ምን አገባው ትላላችሁ። ቃሊቲ እስር ቤት ያኔ 8 ዞኖች ነበሩት። በኋላ «ዞን ዘጠኝ» የተባሉ፣ በኢንተርኔት የሚጽፉ (የሚጦምሩ) ወጣቶች የታሰሩ ጋዜጠኞችን ሊጠይቁ እዚያ ይመላለሱ ነበር። ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። ዞን ዘጠኝ ማለት ከግንቡ ውጭ ያለው፣ እኔና እናንተ የምንኖርበት ነው። መፈክራቸው ደግሞ «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ እኛ «ምን አገባው» ስንል እነሱ «ያገባናል» አሉ። ሚያዝያ 2006 ላይ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ በሽብርም ተከሰሱ። ክሱ ውስጥ የኢንተርኔት መልእክታቸውን ከሰላይ መጠበቅ መማራቸው ሳይቀር ገብቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ገሚሶቹ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። የቀሩትን ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 2008 ላይ ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ያ ሁሉ ጊዜ፣ ያ ሁሉ የእናት ምልልስ፣ ጥፋት ሳይኖር ነው። እሳቱ ታዲያ የት ነበር?

«ሕግ ጥሶ ነው፣ ፈቃድ ሳያወጣ ሰልፍ ወጥቶ ነው» የምትሉም አላችሁ። ይሄ ከሁሉም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሕጉን ሳናነብ ነው የምንፈርደው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ ነፃነት አለው ይላል። አካሄዱን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። እሱም ፈቃድ አውጡ አይልም። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። የከተማው አስተዳደር ቦታው ወይም ጊዜው አይመችም ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ጨርሶ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ማሳወቅና ማስፈቀድ አንድ አይደሉም። ልጄን እድራለሁ ብላችሁ ለጎረቤት ስትነግሩ እኮ ልዳር ወይ ብላችሁ አይደለም። የሰፈሬ ልጅና ጓደኞቹ ደብዳቤያቸውን ይዘው ሄደው ነበር። ተቀብያለሁ ብሎ የሚፈርምላቸው አጡ እንጂ።

ከታሰሩም በኋላ ሕግ አለ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ሲል ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። አንዱ 14 ግን ሌላ 14 ይወልዳል። ይሄን ከቤተሰቡ በቀር ማን ይቆጥራል? ቆጣሪ የሌለው ቀን ደግሞ እንደ ልብ ይረዝማል።

«አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» ያልንባቸውን ሰዎች እስቲ እናስታውስ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም በ1984 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) መሠረቱ። በ1993 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲነሡ፣ ስለ ሰብአዊ መብት ተናገሩላቸው ተብሎ ታሰሩ። በ1998 እንደገና ሲታሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ የሚባሉ ሁለት የመብት ተሟጋቾች ታሰሩ። አብረዋቸው ከታሰሩት ብዙዎቹ የይቅርታ ደብዳቤ ፈርመው ሲወጡ እነሱ አንፈርምም ብለው ቆዩ። ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳም ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ሁለት ጊዜ ገቡ። ከዚያስ? በ2011 ብርቱካን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ዳንኤል የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ። የሾማቸው ፓርላማው ነው። ሹመታቸውን በቴሌቪዥን አይተን አጨበጨብን። የታሰሩ ጊዜ ግን «ምን አገባቸው» ያልነው እኛው ነን። አንድ ሰው ንጹሕ መሆኑን የምናምነው ወንበር ሲሰጠው ብቻ ከሆነ፣ እኛ የምናምነው ወንበሩን ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ሁላችንም ዝም አንልም። ሲመቸን እንጮኻለን። የምንጮኸው ግን ለወገናችን ብቻ ነው።

አቶ በቀለ ገርባ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፣ ትግሉ ያለ ነፍጥ ይሁን ብለው የሚያስተምሩ። ነሐሴ 2003 ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ልዑካን ጋር ተነጋገሩ፣ በቀናት ውስጥ ታሰሩ። ያዘነላቸው ማን ነበር? በአብዛኛው ኦሮሞው። በ2004 ሙስሊሙ በየአርቡ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ በሰላም ጠየቀ። ጥያቄውን እንዲያቀርቡለት የመረጣቸው ሰዎች በዚያው ክረምት ታሰሩ። ሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ማን አለቀሰ? ሙስሊሙ። በኅዳር 2016 ጦርነቱ ይቁም የሚል ሰልፍ የጠሩ ሰዎች ገና ሰልፉ ሳይደርስ ተያዙ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ ታሰሩ። ሌሊት ልጃችንን ተሸክመን የምንሮጥባቸው ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው እኮ! ጨጓራችንን፣ ደማችንን፣ ምጣችንን የሚያውቁ። የእነሱን መታሰር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሰምተን አለፍን።

የእኛ ሲታሰር «ጀግና» እንላለን። የሌላው ሲታሰር «ይበለው፣ የእነሱ ሰዎች እኛን ሲያስሩ የት ነበር?» እንላለን። ይሄን አፍ አውጥተው የተናገሩ የተማሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ይሄ ነውር ነው። የእኔ አያቴ ለቅሶ ስትሄድ ሟቹ ምን ብሔር ነው ብላ አትጠይቅም ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሄድ ነው። እኛ ይሄን ከየት ተማርነው?

በየክልሉ ብትሄዱ የታሰሩት ጥያቄ ያው ነው። ሰው ያለ ፍርድ አይታሰር። ቤት በላዩ ላይ አይፍረስበት። በታኅሣሥ 2015 አራት የኢሰመጉ ባልደረቦች በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ጉዳይ ሊያጣሩ ሄደው ታሰሩ፤ ከቀናት በኋላ በዋስ ወጡ። የእነዚያ ሰዎች ቤት ለአራቱ የግል ጉዳያቸው አልነበረም። የሄዱት ስለሚያገባቸው ነው።

ለሞት እናውቅበታለን። ዕድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሌሊቱን አብረን እናድራለን። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተኛም። ልጁ የታሰረበት ቤት ግን ብቻውን ይተኛል። ዕድሩ ለእስር የለውም። እኚያ የጎረቤቴ እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና የሚጠራቸው አጡ። እሳቸውን የዘለሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አውቃቸዋለሁ። ልጁ ቢሞት ኖሮ ሦስት ቀን ወደየራሳቸው ቤት አይገቡም ነበር። ሰው ሞቶ ብቻ ነው የምናዝንለት?

ፍርሃት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። አስተናጋጇ ስትጠጋ ድምፃችንን የምንቀንሰው፣ ስልካችንን ራቅ አድርገን የምናስቀምጠው በከንቱ አይደለም። ሰልፍ ውጡ፣ ደረታችሁን ስጡ አልላችሁም። እሱን ማዘዝ የምችል ሰው አይደለሁም። የምላችሁ ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው፣ ለዚህም ነው ዝምታችን የሚያሳፍረኝ።

እስረኛ መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛውና ከዘመዱ ብቻ ሳይሆን ከጓደኛው ጋርም የመገናኘት መብት አለው ይላል። ጓደኛ ማለት አንተ ነህ። አብረኸው የተማርክ፣ አብረኸው ኳስ ያየህ። ችሎትም በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው። ገብታችሁ ቁጭ በሉ፣ አንድ ቃል ሳትናገሩ። እኔ አንድ ቀን ገብቼ አይቻለሁ። ልጁ በካቴና ሲገባ መጀመሪያ ያየው ዳኛውን አይደለም፤ ወንበሮቹን ነው። ማን መጣ ብሎ። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከኋላችን ያሉትን ባዶ ወንበሮች ተራ በተራ አያቸው።

እናንተ አከራዮች፣ ባሏ የታሰረባትን ሴት «ቤቱን ፈልጌዋለሁ» አትበሏት። ቢያንስ ሦስት ወር ታገሷት። አለቆች፣ የተፈታን ሰው «ለጊዜው ቦታ የለንም» ብላችሁ አትመልሱት፤ ቦታ እንዳለ እሱም ያውቃል። መምህራን፣ አባቱ የታሰረበትን ልጅ ክፍል ውስጥ ማንም እንዳያሸማቅቀው። ከእስር የወጣ ሰው ሰፈር ሲገባ መንገድ አትሻገሩበት። እስር ቤቱ ያልሰበረውን ሰው መንገድ የተሻገረ ጎረቤት ሲሰብረው አይቻለሁ።

ሱቁ ጋ ደግሞ «ምን አገባው» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ እንደ እኔ ዳቦ ይዛችሁ አትግቡ። «እኔን ያገባኛል» በሉት። ይበቃል።

የልጁ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለእናቱ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ፤ ምሳ ዕቃውን እኔ እይዛለሁ። ከእኛ ጋር አራት ጎረቤቶች ለመምጣት ቃል ገብተዋል። አንደኛዋ ያኔ ወደ ቤቷ የገባችው ናት።