ሮም በ39 ዩሮ ከ99 ሳንቲም

ቪዲዮው እናንተም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ቡዳፔስት የሚማር ወጣት፣ ጀርባውን ለኮሎሲየም ሰጥቶ ይጮኻል። «ሰላም ቤተሰብ! ሮምን በ39 ዩሮ ከ99 ሳንቲም ጨረስኳት!» ስሙን አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅምም፤ ዓርብ ማታ በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ስለሚያርፍብን። አንዳንዱ ከዋርሶ ነው፣ አንዳንዱ ከበርሊን። ቪዲዮው ግን አንድ ነው።

ጨረስኳት ነው ያለው። እኛ እዚህ የምንኖረው እስካሁን አልጨረስናትም። ሮማውያኑም አልጨረሷትም። በአምባ አራዳም መንገድ ሥር (አዎ፣ የኛው አምባ አራዳም) የሜትሮ ጣቢያ እንሠራለን ብለው ቢቆፍሩ፣ የጥንት ሮማ ወታደሮች ሰፈር ወጣባቸው። ለዓመታት በብሩሽ አፈር ሲጠርጉ ከረሙ። ምን ያድርጉ፣ ዘዴው አልገባቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ገብተህ እሁድ ማታ ትወጣለህ፤ አለቀ።

እንግዲህ ጎበዝ ሲመሰገን ደስ ይለኛል፤ ላመስግነው። ሒሳቡ በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ተዘርዝሯል። ደርሶ መልስ በረራ 29.99። ከአየር ማረፊያ አውቶቡስ 7። ውሃ 3። መኝታ ዜሮ፣ ምግብ ዜሮ። ይሄን የመሰለ ጥንቁቅ ሒሳብ በየትም መሥሪያ ቤት አይገኝም። ዜሮዎቹ ላይ ቆይቼ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ልብሱ። ልብሱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

በርካሽ አውሮፕላን የሄደ ያውቀዋል። ነጻ የሚሆነው ከመቀመጫ ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ናት። ትንሽ ካበጠች በር ላይ ያስከፍላሉ፤ ክፍያው ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጀግናችን ሻንጣውን ለበሰው። ከሥር ሁለት ካናቴራ። በላዩ ሸሚዝ። በሸሚዙ ላይ ሹራብ። በሹራቡ ላይ የጂንስ ጃኬት። ከሁሉም በላይ የክረምት ካፖርት። ወሩ ሐምሌ ነው። ሱሪ ሦስት። በካፖርቱ ቀኝ ኪስ ቻርጀር፣ በግራው ካልሲ፣ በውስጥ ኪሱ በፌስታል የታሰረ በሶ። ላፕቶፑን ሹራቡና ጃኬቱ መሃል ሸጉጦታል፤ ሰኞ የሚገባ አሳይመንት አለበት። እጆቹ ከጎኑ አልገጥም ብለው ተንሳፍፈው ቀርተዋል። በር ላይ ያለችው ልጅ አየችው፣ ቦርሳውን አየች፣ እንደገና እሱን አየች። ምን ትበል? ቦርሳ የሚለካ ሳጥን እንጂ ሰው የሚለካ ሳጥን ገና አልተሠራም። መቀመጫው ላይ ቀበቶው አልደርስ አለው። ማራዘሚያ ሰጡት። እሱንም ቪዲዮው ላይ «ነጻ» ብሎ መዝግቦታል።

ሮም ሲደርስ 36 ዲግሪ ነው። እዚህ ላይ ነው ጥበቡ የሚጀምረው። እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይጎበኛል። ኮሎሲየም በካፖርት ይነሳል። ፓንቴዎን ደጃፍ በጂንስ ጃኬት። ናቮና አደባባይ በሹራብ። ትሬቪ ምንጭ በሸሚዝ፣ ቲቤር ወንዝ ድልድይ ላይ በካናቴራ። የተላጠው የት ይቀመጣል? ሻንጣ ማስቀመጫ ያስከፍላል። ስለዚህ ወገቡ ላይ ይታሰራል። ከሰዓት በኋላ ላይ ከላይ የቀነሰው ሁሉ ታች ተጠራቅሞ በሩ የሰፋ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አያስገባውም። ግን ፎቶው የሚነሳው ከደረት በላይ ነው።

አሁን የአንድ ቀን ፎቶ ስንት ወር ያስኬዳል ብላችሁ ገምቱ። ካናቴራው ወዲያው ተለጠፈ፤ «ሰመር በሮም» ተባለ። ሸሚዙ መስከረም ላይ ወጣ። ሹራቡ ኅዳር ላይ። ካፖርቱ ተደብቆ ቆይቶ ለገና ብቅ አለ፤ «ሮም በገና እንዴት ታምራለች!» ከኋላው በቁምጣ የቆሙት ቱሪስቶች በስልክ ተደምስሰዋል፤ የአንዱ ሰንደል ጫማ ግን ቀርቷል። እናቱ አዲስ አበባ ሆነው ፎቶዎቹን ሲያዩ ደነገጡ። «ይሄ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሮም ገባ እንዴ?» ብለው ለዘመድ ደወሉ። ዘመድ ደግሞ ለኔ ደወለ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? «እትዬ፣ ልጅዎ አንዴ ነው የመጣው፤ የለበሰው ነው የበዛ።»

በቃ፣ ልብሱን ልተው። ምን አየ?

ኮሎሲየም አልገባም። «18 ዩሮ ለድንጋይ?» አለ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በ2 ዩሮ ይገባል። የኛ ልጅ አብሮት ከሚማረው ሃንጋሪያዊ ጋር አንድ ዓይነት የተማሪ መታወቂያ ይዞ ሙሉውን ይጠየቃል፤ የሚታየው ፓስፖርቱ ነውና። ለዚህ እኔም አብሬው አዝናለሁ። ግን የመንግሥት ሙዚየሞችና ቅርሶች በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ለማንም ነጻ ናቸው። ኮሎሲየምም ፓንቴዎንም። የቫቲካን ሙዚየም ደግሞ በወሩ መጨረሻ እሁድ ጠዋት በነጻ ይከፈታል። ይሄ ሁሉ ቆጣቢ የመጣው ግን በወሩ መሃል ነው። ለምን? የ29.99 ቲኬት የነበረው ያን ቀን ነዋ! ነጻውን ቀን የማያውቅ ቆጣቢ ማየት ብርቅ ነው፤ እኔ ግን በየሳምንቱ አየዋለሁ።

ከፓንቴዎን ጥቂት ደቂቃ በእግር ቢሄድ የፈረንሳዮቹ የቅዱስ ሉዊጂ ቤተ ክርስቲያን አለ። ካራቫጆ የቅዱስ ማቴዎስን ታሪክ የሳለባቸው ሦስት ትልልቅ ሥዕሎች እዚያ ተሰቅለዋል። መግቢያ አይጠይቅም። እሱ ግን በዚያ ሰዓት ጃኬት እያወለቀ ነበር።

የከፈለው ለውሃ ነው። ኮሎሲየም አጠገብ አንዷን ጠርሙስ በ3 ዩሮ ገዛ። በቪዲዮው ላይ ሲገዛ ከጀርባው የብረት ቧንቧ ይንዠቀዠቃል። ሮማውያን ናሶኒ ይሉታል፣ ትልልቅ አፍንጫ ለማለት። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በየመንገዱ የተተከለ ነው፤ ዛሬ 2,500 ገደማ ይሆናል። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ ነጻ። በዚህች ከተማ ለማንም በነጻ የተሰጠውን አንድ ነገር መርጦ የገዛ ሰው እንዴት አይደነቅ?

ለትሬቪ ምንጭ ግን አልሰሰተም። ጀርባውን ሰጥቶ በትከሻው በኩል ሳንቲም ወረወረ፤ ይሄን ያደረገ ወደ ሮም ይመለሳል ይባላልና። የወረወረው የኢትዮጵያ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ከምንጩ የሚለቀመው ሳንቲም ካሪታስ ለሚባለው የካቶሊኮች በጎ አድራጎት ድርጅት ተሰጥቶ ለድሆች መርጃ ይውላል። የሮም ድሆች ያቺን ሃምሳ ሳንቲም ምን ገዙባት ይሆን?

ከዚያ የስፔን ደረጃዎች ላይ ተቀምጦ በሶውን ፈታ። ፖሊስ ፊሽካውን ነፋ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው። ቅጣቱ 250 ዩሮ ነው፤ ካቆሸሹ እስከ 400 ይደርሳል። በሦስት ሱሪ ሲሮጥ ማየት ነበር።

የቪዲዮው ዋና ክፍል ገና ነው። ፖፖሎ አደባባይ መሃል ባለው ረጅም ሐውልት ሥር ቆመ። ባንዲራ አወጣ (ከየትኛው ኪስ እንደሆነ አልገባኝም)። ድምፁን አወፈረ። «ቤተሰብ፣ ይሄ የኛ ነው! የአክሱም ሐውልት! እስከ ዛሬ እዚህ አስቀምጠውታል! ይመለስ! ሼር!» ሕዝቡም ሼር አደረገ፣ አለቀሰ፣ ተሳደበ። ሐውልቱ የግብጽ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ነው ያመጣው። ሮም ውስጥ 13 የሚሆኑ ጥንታዊ ሐውልቶች አሉ፤ አንዱም የኛ አይደለም። የኛ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ ፖርታ ካፔና ቆሞ ነበር፤ በ2005 አክሱም ገባ፤ በ2008 ተተከለ። ይሄ ልጅ ያን ጊዜ ትንሽ ሕፃን ነበር፤ ምናልባት ወሬው አልደረሰውም። ሁለቱም ቁመታቸው 24 ሜትር ገደማ ስለሆነም ብዙ አይፈረድበትም።

የሚገርመው እኛን የሚመለከተው ሐውልት አጠገብ ቆሞ ነበር። አውቶቡስ ያወረደው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ከፊት ያለው አደባባይ የተሰየመው ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ገደማ የጣሊያን ወታደሮች ነው። ትንሽ ራመድ ሲሉ መታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ከሥሩ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ዘርዓይ ደረስ ጎራዴ የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው ተመልሶ አሁን ለገሃር ቆሟል። ልጁ ሐውልቱን ተደግፎ የጫማውን ክር አሠረ። ቪዲዮው ላይ አለ፤ ሦስት ሰከንድ።

ድሮም ከኛ አገር ሮም የሚመጣ ተጓዥ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ከደብረ ሊባኖስ ተነሥተው በኢየሩሳሌም በኩል መጡ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ባለው የሐበሾች ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገቡ። የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 እዚሁ አሳተሙ። ዓመታት ፈጀባቸው። ሰውየው ጊዜ አያያዝ አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ዜሮዎቹ።

መኝታ ዜሮ ያለው ቤት የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሴትየዋ ባዳንቴ ናቸው። አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ቤት እያደሩ ያስታምማሉ። ሌሊት ተነሥተው ያገላብጧታል፣ ያጥቧታል። ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ናት። ለዚያች ዕረፍት ብለው ከጓደኞቻቸው ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል። አልጋ አንድ፣ ፍራሽ ሁለት። ልጁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ የጓደኛቸው የእህት ልጅ የክፍል ጓደኛ ነው። «አክስቴ» አላቸው። አልጋውን ለቀቁለት። ወለል ላይ ተኙ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮ ሠሩለት። ማታ ጎረቤት ለምነው በመኪና አየር ማረፊያ አደረሱት። ከዚያ ቀጥታ ወደ አሮጊቷ።

ዜሮ? እፍረት የለም እንዴ? የዶሮው ዋጋ የት ሄደ? ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ የቤት ኪራዩ የት ሄደ? ወገቧ የተቆረጠ ሴት በሳምንት ያገኘቻትን አንዲት ቀን በልተህ ስታበቃ፣ «ነጻ መኝታ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ» ብለህ ስልኳን ለማታውቀው ሰው ታድላለህ? ይሄ ቁጠባ አይደለም። የራስን ወጪ በደከመች ሴት ጀርባ ላይ መጫን ነው። ድህነት አላሳፈረንም፤ ሁላችንም በሰው ፍራሽ ላይ ተኝተን ነው ያለፍነው። በሰው ፍራሽ ተኝቶ ዜሮ ብሎ የጻፈ ግን አላየሁም ነበር።

ይቅርታ፣ ማመስገኔን ረሳሁት።

ሴትየዋ ቪዲዮውን አይተውታል። አልተቆጡም። «ምን ይዞ መጣ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ። «ኧረ ተወው፣ ቦርሳው ትንሽ ናት፤ ቡና እንኳ አትይዝም» አሉ። ልክ ናቸው፣ ቦርሳዋ ትንሽ ናት። ግን ካፖርቱ ላይ አራት ኪስ፣ ጃኬቱ ላይ አራት፣ ሦስቱ ሱሪዎች ላይ አሥራ ሁለት ኪስ ቆጥሬያለሁ። የሚቀጥለው ዓርብ የምትመጣው ልጅ፣ ካልሲውን ቦርሳ ውስጥ ክተተው። ቡናው ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ይሁን፤ ያልተቆላ። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ አትደውል፤ ተኝተው ነው።