ሰመር ላይ ሦስት ኮርስ መጫን ይቅር

ሜይ ወር ሲያልቅ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች አንድ ምክር ከቤት ቤት ይዞራል፦ «ልጁ ሦስት ወር ሙሉ ከሚተኛ እንደ ሞንጎምሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ሦስት ክላስ ያውጣ፤ ርካሽ ነው፣ ቀላልም ነው።» ርካሽነቱስ እውነት ነው። በተለይ ዩኒቨርሲቲ ራቅ ብሎ ለሚማርና ለእረፍት ወላጆቹ ቤት ለሚመለስ ልጅ፣ በነዋሪ ዋጋ መማር ብዙ ገንዘብ ያድናል። ቀላል ነው የሚለው ግን ስሌቱን ያልሠራ ሰው አነጋገር ነው። በእኔ እምነት ሰመር የሚመቸው ለአንድ ኮርስ ነው፤ ያም ኮርስ ቀጣዮቹን ዘግቶ የያዘው መሆን አለበት።

ስሌቱ ይኸውና። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በመደበኛው ሴሚስተር 45 ያህል የክፍል ሰዓት አለው፤ በ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 3 ሰዓት ነው። ሰመር ላይ ምዕራፍ አይቀነስም፣ ፈተናም አይቀርም። ያው 45 ሰዓት በ6 ሳምንት ሲታጨቅ በሳምንት 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኮሌጆች ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ስለሚጠብቁ 15 ሰዓት ይጨመርበታል። አንድ ኮርስ ብቻውን በሳምንት 22 ሰዓት ተኩል በላ ማለት ነው። ሁለት ኮርስ አንድ ላይ 45 ሰዓት፣ ከሙሉ ሰዓት ሥራ ይበልጣል። በዚያ ላይ ልጁ 30 ሰዓት ፓርኪንግ ወይም ሱቅ ከሠራ ሳምንቱ 75 ሰዓት ይጠይቀዋል። ላብ (ቤተ ሙከራ) ያለው ኮርስ ደግሞ ይብሳል፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 45 ሰዓት ሌክቸርና 45 ሰዓት ላብ ካለው፣ በ6 ሳምንት ክፍል ውስጥ ብቻ በሳምንት 15 ሰዓት መቀመጥ ይጠይቃል።

አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው ትምህርቱ ስለከበደው አይደለም፤ መክበዱን የሚያውቀው ከረፈደ ስለሆነ ነው። በመደበኛው ሴሚስተር ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ለማሰብ ጊዜ አለ። በሰመር ግን ቀነ ገደቦቹም አብረው ይታጠፋሉ። ገንዘብ ተመልሶ ኮርስ መጣል የሚቻልበት ጊዜ ከትምህርቱ ርዝመት 15 በመቶ ነው ቢባል፣ በ15 ሳምንት ከሁለት ሳምንት ጥቂት ያልፋል፤ በ6 ሳምንት ግን 6 ቀን ነው። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲመለስ ያ ቀን ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ደብልዩ፣ ማለትም ኮርሱን አቋርጦ መውጣትን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ገንዘቡ አይመለስም፣ ክሬዲቱም እንደተሞከረና እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። የፌዴራል እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ ደግሞ በብዙ ኮሌጆች ከሞከራቸው ክሬዲቶች 67 በመቶውን ማጠናቀቅ ስላለበት፣ ሁለት ደብልዩ በአንድ ሰመር ለመጪው ዓመት እርዳታ አደጋ ነው። ስለዚህ የኮርሱ ሲላበስ (የትምህርትና የፈተና ዕቅዱ) እንደወጣ ቀነ ገደቦቹን ስልክ ላይ መመዝገብ ከመጽሐፍ መግዛት ይቀድማል።

አንድ ሳምንት መቅረትም እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። ከ15 አንዱ ሳምንት ይካካሳል፤ ከ6 አንዱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ፈተና ይዞ ይሄዳል። የኛ ሰው ደግሞ ሠርጉንም፣ አገር ቤት ደርሶ መመለሱንም፣ በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገውን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድርም እዚያው ላይ ነው የሚያደርገው። ለውድድሩ ከተማ ቀይሮ የሚሄድ ልጅ የጁን ክፍለ ጊዜ ወስዶ የመጨረሻ ፈተናው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል።

ታዲያ የትኛው ኮርስ? ነርሲንግ የምታስብ ልጅ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድን ሳትጨርስ ሁለትን መውሰድ አትችልም። ኢንጂነሪንግ የጀመረ ልጅ ካልኩለስ አንድ ከጎደለው በፎል ካልኩለስ ሁለትም ፊዚክስም ይዘጉበታል፤ አንዳንድ ተከታይ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ የአንድ ኮርስ ጉድለት ሙሉ ዓመት ይጎትታል። ሰመር ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ተመሳሳዩ ኮርስ በ10 ሳምንትም የሚሰጥ ከሆነ እሱን መምረጥ ነው፤ እንደ ሂሳብና አናቶሚ ያለ እየተደራረበ የሚሄድ ትምህርት የሚረጋበት ጊዜ ይፈልጋል። ስታትስቲክስ ለአጭር ጊዜ ይመቻል፣ በየቀኑ መለማመዱ እንዲያውም ይጠቅማል። የእንግሊዝኛ ድርሰት ግን በ6 ሳምንት አይመከርም፤ አስተማሪው ረቂቁን አርሞ እስኪመልስ ቀጣዩ ጽሑፍ ይደርሳል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ከሥራ ጋር በሰመር መውሰድ ደግሞ ባይሞከር ይሻላል።

ልጁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ከሆነ ወረቀቱ ከምዝገባው መቅደም አለበት። መጀመሪያ የራሱ ዩኒቨርሲቲ የክሬዲት ማዛወሪያ ሰንጠረዥ ላይ ኮርሱ በየትኛው ቁጥር እንደሚገባ ያያል። «ኢሌክቲቭ» ብቻ የሚል ከሆነ ክሬዲቱ ይገባል እንጂ የሚፈለገውን ኮርስ አይተካም። ቀጥሎ ከአድቫይዘሩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈርማል፤ በቃል የተሰጠ «ችግር የለም» ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ፊት ዋጋ የለውም። ከዚያ በእንግዳ ተማሪነት ይመዘገባል። ቅድመ ሁኔታ የሆነውን ኮርስ ሌላ ቦታ ስለወሰደ ሲስተሙ ያግደዋል፤ ትራንስክሪፕቱን ልኮ ማስነሳት ቀናት ስለሚፈጅ ይህን በመጀመሪያው የትምህርት ቀን መጀመር ቦታ ማጣት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሲ በታች አይቀበሉም፤ የመጨረሻዎቹን 30 ክሬዲቶችም እዚያው እንዲወሰዱ የሚያስገድዱ አሉ።

በጣም የተለመደው ስህተት ግን ይሄ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ኤፍ ያገኘበትን ኮርስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንደገና ወስዶ ጂፒኤውን (አማካይ ውጤቱን) ለማንሳት መሞከር። በአብዛኛው የሚዛወረው ክሬዲቱ ነው፣ ነጥቡ አይደለም፤ ኤፉ ባለበት ይቀመጣል። በሌላ በኩል ነጥቡ አልተዛወረም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ከየትኛውም ኮሌጅ የተገኘውን ውጤት ሁሉ ጠይቆ የራሱን ጂፒኤ ያሰላል፤ በሰመር በግዴለሽነት የተወሰደች ሲ እዚያ ትታያለች።

ገንዘቡ ከምክሬ ጋር በከፊል ይጣላል። ከ2017 ጀምሮ ፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ለሰመርም ይሰጣል፤ ከተማሪው የዓመት ድርሻ እስከ 150 በመቶ መድረስ ይቻላል። ነገር ግን ፎልና ስፕሪንግ ላይ 100 በመቶውን የጨረሰ ተማሪ ተጨማሪውን ለማግኘት ቢያንስ 6 ክሬዲት መመዝገብ አለበት፤ በ3 ክሬዲት ምንም አያገኝም። የ2025-26 ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነው፤ ሙሉውን ለሚያገኝ ተማሪ 6 ክሬዲት 1,850 ዶላር ገደማ ያስገኛል። መፍትሔው ሁለቱን ኮርሶች በአንድ ላይ ሳይሆን ተከታትለው በሚመጡ ሁለት የሰመር ክፍለ ጊዜዎች መውሰድ ነው፤ የሰመር ክሬዲት በጠቅላላው ይደመራል፣ ትከሻ ላይ ግን በየተራ ይወርዳል። በዓመቱ ውስጥ በየሴሚስተሩ 9 ክሬዲት ሲወስድ የነበረ ልጅ ያልነካው ፔል ስላለው አንድ ኮርስም ይበቃዋል። ፔል ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ስለሚከፈል፣ እንግዳ ተማሪ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የኮንሶርቲየም ስምምነት (አንዱ ትምህርት ቤት በሌላው የሚወሰደውን ኮርስ ለእርዳታው እንዲቆጥር የሚያደርግ ውል) እንዲፈራረሙ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። የዕድሜ ልክ ገደቡ የ12 ሴሚስተር ያህል መሆኑም አይረሳ፤ የሰመሩም ከዚያው ይቀነሳል።

ኤፍ-1 (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ያለው ተማሪ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከተማረ ሰመር እረፍቱ ስለሆነ የክሬዲት ብዛት አያስጨንቀውም። ትምህርቱን የሚጀምረው በሰመር ከሆነ ግን ሙሉ ጭነት ግዴታው ነው።

ኮርሱ ሲያልቅ ውጤቱ በራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይሄድም። ተማሪው ራሱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያዛል፤ ሲያዝም ውጤቱ እስኪገባ ይቆይ የሚለውን ምርጫ ካልነካ የሰመሩ ነጥብ ያልገባበት ትራንስክሪፕት ይላካል። በኦገስት ሁለተኛ አጋማሽ ይህ ሲደርስ ሲስተሙ ካልኩለስ አንድን አላየምና ልጁን ከካልኩለስ ሁለት ሊያስወጣው ይችላል፤ ቦታው ደግሞ በዚያው ቀን በተጠባባቂ ይያዛል።