ጋፋትን በእግር ያስጎበኙን ሰው

የቀድሞው የባህልና ቱሪዝም ኃላፊያችን ማረፋቸውን የጻፋችሁትን አነበብኩ። ነፍሳቸውን ይማር። «ዝምተኛ ነበሩ» ማለታችሁ ግን አሳቀኝ፤ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስላሠሩባት ስለ ጋፋት ጠይቃችኋቸው አታውቁም ማለት ነው! ደብረ ታቦር ተማሪ ሳለን በእግር ወስደውን፣ ከማሳ ውስጥ የብረት አር (ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ) አነሱና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ሴባስቶፖል መድፍ የተወለደው እዚህ ነው» አሉ። ከዚያ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት መጎተቱን ራሳቸው የጎተቱት ይመስል እያለከለኩ ተረኩልን። ብረቱን ኪሴ ልከት ስል ተቆጥተው ቦታው አስመለሱኝ። ሽማግሌ ባገኙ ቁጥር ያቺን ጫፏ የታጠፈ ደብተር ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ይጽፉ ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት የአያት ስም ነው። ለመሆኑ ደብተሮቹ ማን ጋ ናቸው? ቤተሰቦቻቸው ይህን ካነበባችሁ፣ አይጥ ሳይቀድመን ገጽ በገጽ ፎቶ ላንሳቸው፤ እቤት ድረስ እመጣለሁ።