አማካይ ስለ አንድ ልጅ ምን ይነግረናል?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር አያዘገይም» ይላል። እስማማለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 75 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያየው የሞንትሪያል ጥናትም ተጨማሪ መዘግየት አላገኘም። ግን ይሄ የቡድን አማካይ ውጤት ነው! በአንድ ቡድን ውስጥ ቃል የማይወጣውና ወሬ የማያቆመው ልጅ አብረው ሊደመሩ ይችላሉ።

እዚህ አራት ኪሎ የእህቴ ልጅ ከአባቱ እናት ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ስልክ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ሲሰማ ይውላል። አንድ ባለሙያ እህቴን «በአንዱ ብቻ አናግሩት» አላት። (አያቱን አፍ ልናስይዛቸው ነው እንዴ?) አጥኚዎቹም «ሁለት ቋንቋ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ከሚያልፉ፣ ልጁ የትኛውን ቋንቋ ከማን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሰማ ይጠይቁልን።